ወፍጮ ቤት የገባው ድንጋይ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ እርሳስ ነው። ልጆቻችን የሚጽፉበትን ማለቴ አይደለም፤ ግን አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ስም ስለሰጣቸው ከዚያኛው ልጀምር።

ልጅ ሆኜ የቤት ሥራ ስሠራ እርሳስ የማኘክ አመል ነበረብኝ። እናቴ ባየችኝ ቁጥር «መርዝ ነው፣ ከአፍህ አውጣ!» ትለኛለች። ኋላ አስተማሪያችን እርሳስ ውስጥ እርሳስ የሚባል ብረት እንደሌለ፣ ጥቁሩ መጻፊያ ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ከሸክላ አፈር ጋር ተለውሶ የተተኮሰ መሆኑን ነገረን። እየሮጥኩ ቤት ሄጄ እናቴን አረምኳት። ምን ያህል ኮርቼ እንደነበር! ፍርዱ ወደ እሷ ያጋደለው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ድሮ የእርሳሱ እንጨት በሚቀባበት ቢጫና ቀይ ቀለም ውስጥ እውነተኛው እርሳስ የሚጨመርበት ጊዜ ነበር። እኔ ደግሞ የማኝከው እንጨቱን ነበር።

እውነተኛው እርሳስ ከባድ፣ ለስላሳ፣ በከሰል እሳት የሚቀልጥ ብረት ነው። ለሰውነታችን አንዳች ጥቅም የለውም፤ እንደ ዚንክ «ትንሽ ያስፈልጋል» የሚባል ዓይነት አይደለም። ዘመዶቹ ባዜቃ፣ ካድሚየምና አርሴኒክም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። የጃፓኗ ሚናማታ ከፋብሪካ ወደ ባሕር በተለቀቀ ባዜቃ ምክንያት ስሟ እስከ ዛሬ ይነሣል። በባንግላዴሽ ሕዝቡን ከተበከለ ውሃ ለማዳን የተቆፈሩ ጉድጓዶች አርሴኒክ አጠጥተውታል። ሁሉንም በአንድ ምሽት ብንነካካቸው ግን አንዱንም አንይዝም፤ ስለዚህ እርሳስ ላይ እንቆይ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

በ2010 መጀመሪያ ላይ ነው። በሰሜን ምዕራብ ናይጄሪያ፣ ዛምፋራ በተባለች ክፍለ ግዛት፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የሕክምና ድርጅት ባለሙያዎች ከወትሮው በላይ ብዙ ሕፃናት የሚሞቱባቸው መንደሮች እንዳሉ ሰሙ። በአካባቢው የታወቁት ገዳዮች ወባና ማጅራት ገትር ናቸው፤ የመጀመሪያው ጥርጣሬም ወደ እነሱ ሄደ። ልጆቹ ያስመልሳቸዋል፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፤ ከዚያ ሰውነታቸው ይንፈራገጥና ራሳቸውን ይስታሉ። የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ለውጥ የለም። ወላጆች ሲጠየቁ ብዙ መናገር አልፈለጉም። በመጨረሻ ደም ተወስዶ ለምርመራ ወደ አውሮፓ ተላከ። የመጣው መልስ እርሳስ የሚል ነበር፤ ያውም ሐኪሞቹ በሥራ ዘመናቸው አይተውት በማያውቁት መጠን።

ቆይቶ የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎች ከናይጄሪያ ባልደረቦቻቸው ጋር ሁለት መንደሮችን ቤት ለቤት ቆጠሩ። ከ5 ዓመት በታች ከነበሩ 463 ልጆች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ 118ቱ ሞተዋል። ከአራት አንድ ማለት ነው። በሕይወት ካሉት የ204ቱ ደም ሲታይ 97 ከመቶው አፋጣኝ ሕክምና የሚያስፈልገው ሆነ። በአካባቢው በጠቅላላ የሞቱት ሕፃናት ቢያንስ 400 እንደሚደርሱ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ተናግሯል።

ታዲያ በገጠር መንደር፣ ፋብሪካ በሌለበት፣ ይህ ሁሉ እርሳስ ከየት መጣ?

ከወርቅ ነው የመጣው። በእነዚያ ዓመታት የወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ እየናረ ነበር፤ ለዛምፋራ ገበሬ ከማሽላ ይልቅ ድንጋይ የሚያዋጣበት ጊዜ መጣ። ወርቁ ያለው በአለት ውስጥ ነው፤ እዚያ አካባቢ ያለው አለት ደግሞ ከወርቁ ጋር እርሳስ በብዛት የያዘ ነው። ገበሬው ይህን አያውቅም፤ በዓይን አይለይም። ድንጋዩን ፈልፍሎ በጆንያ ወደ ቤት ያመጣል። ለምን ወደ ቤት ብትሉ፣ በአካባቢው ባህል ያገቡ ሴቶች ከግቢ ብዙም ስለማይወጡ ነው፤ ሥራው ወደ እነሱ መሄድ ነበረበት። ድንጋዩ በመዶሻ ይሰበራል፣ ከዚያ ይፈጫል። በምን ይፈጫል? እህል በሚፈጭበት ወፍጮ!

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ወፍጮ ቤት ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ከእናታችን ጋር ቁና ተሸክመን ሄደን፣ ቅንድባችን ነጭ ሆኖ የተመለስንበት ቤት ነው። በዛምፋራም ያው ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ በአየር ላይ የሚበነው ዱቄት ከድንጋይ የወጣ እርሳስ መሆኑ ነው። ብናኙ የሰው ልብስ ላይ፣ መኝታው ላይ፣ ዶሮ በሚጭረው የግቢ አፈር ላይ ዐረፈ። በአንዳንድ ግቢ በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ከ100 ግራም በላይ እርሳስ ተገኘ። ሕፃን ደግሞ እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ፤ መሬት ላይ ይድሃል፣ ያነሣል፣ ወደ አፉ ይከታል። የዓለምን መልክ የሚያውቀው በአፉ ነው።

አባቱ ክፉ ሰው አልነበረም። እናቱም ቸልተኛ አልነበረችም። ሁለቱም ልጃቸውን ሊያበሉ ነበር የሚፈጩት። ስለዚህ ጉዳይ ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ይህ ነው፤ እርሳስ ወደ ቤት የሚገባው እንጀራ በሚገባበት በር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሰውነታችን እንግባ። እርሳስ ሰውነታችንን የሚያታልለው ካልሲየም በመምሰል ነው። ካልሲየም አጥንት የሚሠራው፣ በወተትና በጎመን የምናገኘው ማዕድን ነው። በአንጎል ውስጥ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩትም በእሱ እርዳታ ነው። እርሳስ ይህን ስም ይዞ በሩን ያንኳኳል፤ ሰውነትም ይከፍትለታል። ከገባ በኋላ ግን የካልሲየምን ሥራ አይሠራም፤ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። የደምን ቀይ ንጥረ ነገር መሥራት ስለሚያስተጓጉል የደም ማነስ ያመጣል። ኩላሊትን ይጎዳል፤ በአዋቂዎች ላይ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ሕፃን ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ወደ ደሙ የሚገባው አዋቂ ከሚያስገባው እስከ አራትና አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሆዱ ባዶ ከሆነ ይብሳል፤ ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይብሳል። የተራበ ልጅ በእርሳስም ይበልጥ ይጠቃል ማለት ነው፤ ድሃን ሁሉም ያገኘዋል።

በደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ይወጣል» ይላል። ከፊሉ በሽንት ይወጣል፤ ቀሪው ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በልጅነቷ እርሳስ የገባባት ሴት ስታረግዝ፣ ሰውነቷ ለፅንሱ አጥንት ካልሲየም ከራሷ አጥንት ሲያወጣ የተደበቀው እርሳስም አብሮ ይወጣል። ያልተወለደው ልጅ የእናቱን የልጅነት መርዝ ይቀበላል።

ዛምፋራ ላይ ያየነው በጣም ከፍተኛውን መጠን ነው፤ መንፈራገጥና ሞት። በዓለም ላይ የሚበዛው ግን ድምፅ የሌለው ዓይነት ነው። ልጁ አይታመምም፣ አያተኩሰውም፣ ምግብም ይበላል። ትምህርት ግን ይከብደዋል፤ ትኩረቱ ይበተናል፤ ቁጡ ይሆናል። «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ይባላል፤ ይገረፋልም። የእርሳስ ጉዳት መሆኑን የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱም የደም ምርመራ ካልተደረገ በስተቀር ከፊቱ ላይ የሚነበብ ምልክት የለም። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት በ2020 ባወጡት ዘገባ፣ ከዓለም ልጆች አንድ ሦስተኛው፣ እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱት፣ በደማቸው ውስጥ እርምጃ የሚያስፈልገው የእርሳስ መጠን አለ ብለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የማያመጣ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል።

ወደ ዛምፋራ ልመልሳችሁ፤ ሕክምናው ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለው። እርሳስን ከደም ውስጥ ይዞ በሽንት የሚያስወጣ፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ልጁ ጤና ጣቢያ ተኝቶ መድኃኒቱን ወስዶ ወደዚያው ግቢ ቢመለስስ? ከሳምንት በኋላ ያው ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ አንድ ከባድ ደንብ አወጡ፤ መጀመሪያ ግቢው ይጸዳል፣ ከዚያ ልጁ ይታከማል። የመንደሩ ሰው አካፋና ዶማ ይዞ የየግቢውን የላይኛ አፈር አንሥቶ በጥልቅ ጉድጓድ ቀበረ፤ በቦታው ንጹሕ አፈር አለበሰ። ባጌጋ የምትባለው ትልቅ መንደር ግን ለጽዳት የሚሆነው ገንዘብ ስለዘገየባት እስከ 2013 ድረስ መጠበቅ ነበረባት። መድኃኒቱ አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ ልጁ አለ፤ የሚጠበቀው አካፋ ነበር።

ወላጆች መጀመሪያ ላይ ለምን ዝም እንዳሉም አሁን ይገባችኋል። እውነቱን ብንናገር መንግሥት ወርቁን ይከለክለናል ብለው ፈርተው ነበር። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እርግጠኛ አይደለሁም።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ሁሉ ስትሰሙ «የአላዋቂ ገበሬ ታሪክ ነው» ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የተማሩትን ልጥራለት። በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ቤንዚን ላይ የእርሳስ ውሁድ ቢጨመር የመኪና ሞተር ማንኳኳቱን እንደሚያቆም አገኘ። በ1923 ለገበያ ቀረበ። በ1924 በኒው ጀርሲ ይህን ውሁድ የሚያዘጋጁ ሠራተኞች አእምሯቸው ተናውጦ፣ አምስቱ ሞቱ። ሚጅሊ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ በፈሳሹ እጁን ታጠበ፤ ጠርሙሱንም አሸተተ። ምንም አይደለም ለማለት ነው። የሚገርመው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እሱ ራሱ በእርሳስ ታሞ ዕረፍት ወጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የዓለም መኪና ሁሉ እርሳስ ሲተነፍስ ኖረ። ነገሩን ያጋለጠው ሌላ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው። ክሌር ፓተርሰን የመሬትን ዕድሜ ለማስላት በአለት ውስጥ ያለውን ጥቂት እርሳስ ሲለካ ስሌቱ እየተበላሸ አስቸገረው፤ ላቦራቶሪው፣ አየሩ፣ የገዛ ፀጉሩ ሳይቀር በእርሳስ ተበክሎ አገኘው። የመሬትን ዕድሜ በ1956 አስልቶ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ ጨረሰና ቀሪ ዘመኑን ያን እርሳስ ሲያሳድድ ኖረ። እርሳሱን የሚሸጡት ኩባንያዎች በገንዘብም በሰውም ተከራከሩት። በመጨረሻ ሀገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አንድ በአንድ ተዉት፤ የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፣ በሐምሌ 2021። አንድ መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

የባንግላዴሽ መፍትሔ ግን በጣም ፈጣን ነበር፤ እኔም የምወደው ታሪክ እሱ ነው። በዚያ ሀገር በነፍሰ ጡር ሴቶች ደም ውስጥ ከፍተኛ እርሳስ ተገኘ፤ መኪና በማያልፍበት ገጠር ውስጥ! የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሀገሩ ባለሙያዎች ጋር አፈሩን፣ ሩዙን፣ ጣሳውን ሁሉ መረመሩ። ዱካው ያደረሳቸው ወጥ ውስጥ ነው። እርድ! እኛ አልጫ የምናሳምርበት ያው እርድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1980ዎቹ ከባድ ጎርፍ መጥቶ እርዱ በደንብ ሳይደርቅ ቀረ፤ መልኩ ደበዘዘ። ገዢው ደግሞ የሚፈልገው ደማቅ ቢጫ ነው። በዚያን ጊዜ እርዱን የሚያጠሩ ወፍጮ ቤቶች ለቤትና ለመንገድ ቅብ የሚያገለግል ቢጫ የእርሳስ ቀለም መነስነስ ጀመሩ። ትንሽ ነው የሚበቃው፤ ርካሽም ነው። ጎርፉ አለፈ፣ ልማዱ ቀረ። ልብ በሉ፤ ይህም ወፍጮ ቤት ነው።

በ2019 የሀገሪቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ነገሩን ወደ ሕዝብ አወጣው። ማስታወቂያ በየገበያው ተለጠፈ፤ ዳካ ውስጥ በትልቅ የቅመም ገበያ ላይ ተንቀሳቃሽ ችሎት ተቀምጦ ሁለት ጅምላ ነጋዴዎችን ቀጣ፤ በቴሌቪዥንም ታየ። መርማሪዎች ሽጉጥ የሚመስል የኤክስሬይ መሣሪያ ይዘው እርዱ ላይ ይደቅኑና እዚያው ቁጥሩን ያነባሉ። በ2019 ከተመረመረው እርድ 47 ከመቶው እርሳስ ነበረበት። በ2021 መጀመሪያ ላይ ዜሮ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አፌን አላዳለጠኝም።

አሁን ወደ ገዛ ደጃፋችን እንምጣ። «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሚሰበስባቸው ነገሮች ሁሉ አደገኛው፣ በውስጡ እርሳስ ያለው ያረጀ የመኪናና የሶላር ባትሪ ነው። በሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ ባለች ቲያሮይ ሱር ሜር በምትባል ሰፈር፣ ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞተዋል፤ ባትሪ ይሰበርበት የነበረውን አፈር ሰዎች አንጓለው ቤታቸው ወስደውት ነበር። ባትሪ በግቢ ውስጥ አይሰበርም፣ እርሳሱም ምግብ በሚበስልበት ምድጃ አይቀለጥም። ልጆች ሆነን የቀለጠ እርሳስ በጣሳ አፍስሰን መጫወቻ እንሠራ ነበር፤ ማን ነው የፈቀደልን እያልኩ እስከ ዛሬ እገረማለሁ።

ቀለምም አለ። በሀገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባው በርና መስኮት ግን አሁንም ቆሞ አለ። በተለይ የዘይት ቀለም፤ ከዚያም ውስጥ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ። ለበዓል ቤት ስታሳድሱ የድሮውን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ አርጥቡት። ብናኙን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አንሡት። ያን ቀን ሕፃንና ነፍሰ ጡር ከቤት ቢርቁ ጥሩ ነው።

ኩልንም ሳልነካ ባልፍ እናቶች ይታዘቡኛል። ለዓይን ተብሎ የሚሸጠው ጥቁር ዱቄት በብዙ ሀገር ገበያ ሲመረመር ዋናው ነገሩ የእርሳስ ማዕድን ሆኖ ተገኝቷል። ሁሉም ነው አልልም፤ በዓይን ስለማይለይ ግን ለሕፃን ዓይን ባይደረግ እመርጣለሁ። ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራ ድስትም እንዲሁ ነው፤ ካሜሩን ውስጥ ተመርምሮ እርሳስ ወደ ምግቡ እንደሚለቅ ታይቷል። ቲማቲምና ሎሚ የመሰለ ኮምጣጣ ነገር የበለጠ ያስለቅቀዋል። ለዚህ ለዚህ የሸክላ ድስታችን… ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን የሚያብለጨልጭ ቅብ ያለበት ሸክላም በአንዳንድ ሀገር እርሳስ ስለተገኘበት ነገሩን ልተወው።

ጊዜዬ እያለቀ ነው፤ አንድ ነገር ጨምሬ ልሰናበታችሁ። በ2015 ያው መዓት በናይጄሪያ ኒጀር ክፍለ ግዛት፣ ሺኪራ በምትባል መንደር ተደገመ፤ 28 ሕፃናት ሞቱ። በዚህ ጊዜ ለወርቅ አውጪዎቹ ሥራውን ተዉ የሚላቸው አልመጣም። ወፍጮው ከመንደር ወጣ። ድንጋዩ ሲፈጭ ውሃ ይረጭበታል፤ አቧራው እንዳይነሣ። ሠራተኛው ሲጨርስ እዚያው ታጥቦ የሥራ ልብሱን አውልቆ፣ ንጹሕ ለብሶ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። በ19 ወር ውስጥ በሠራተኞቹ ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአማካይ በ32 ከመቶ ወረደ። ባትሪ የምትጠግኑ፣ ራዲያተር የምትበይዱ፣ ቀለም የምትቀቡ አድማጮቻችን፤ ማታ በሩን ስታንኳኩ ሕፃኑ እየሮጠ ሱሪያችሁን ሊያቅፍ እንደሚመጣ ታውቃላችሁና፣ ቱታው እዚያው ሥራ ቦታ ይደር። ቤት ከመጣም ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ባዜቃና ስለ ቆዳ ማንጫ ክሬሞች ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ደኅና እደሩ።

(የመውጫ ሙዚቃ)